ሰሌዳውን አነበበ ማለት ዓይኑ ደህና ነው ማለት አይደለም፦ ጭንቅላታቸው ለተጎዳ ወታደሮች የዓይን ምርመራ

መነጽር ከደሴ (ክሩን፣ ማለትም ይህን ውይይት የከፈተ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ደሴ ላይ በዓይን ሕክምና የምሠራ ኦፕቶሜትሪስት ነኝ። ዛሬ የምጽፈው ከሰሜኑ ጦርነት ወዲህ ወደ ምርመራ ክፍሌ ስለሚመጡ ወጣቶች ነው። አንዳንዶቹ በሕክምና ቦርድ የተሰናበቱ ናቸው። አንዳንዶቹ ፈቃድ ወጥተው ቤተሰብ ሊጠይቁ የመጡ አባላት ናቸው። ታሪካቸው ይመሳሰላል። መድፍ ወይም ሞርታር አጠገባቸው ወድቋል፣ ወይም የተጫኑበት መኪና ተገልብጧል። ለትንሽ ጊዜ ራሳቸውን ስተው ነቅተዋል። ቁስሉ ድኗል፤ ብዙዎቹ ላይ ጭራሽ ቁስል አልነበረም። አሁን ግን ማንበብ አቅቷቸዋል።

ፊደሉ አይታያቸውም ማለቴ አይደለም። ዓይን የሚለካበት የፊደል ሰሌዳ ፊት ሲቆሙ እስከ መጨረሻዋ ትንሽ መስመር ይወርዳሉ። ካርዳቸው ላይ 6/6፣ ሙሉ እይታ ማለት ነው፣ ይጻፋል። «ዓይንህ ጤነኛ ነው፣ ሂድ» ይባላሉ። ቤት ገብተው ስልክ ሲከፍቱ ወይም ቁርዓን ሲቀሩ፣ ዳዊት ሲደግሙ፣ ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ፊደሉ ይዋኛል። መስመር ከመስመር ይደረባል። ግንባራቸው ይወጠራል። መጽሐፉን ይዘጉታል። ከዚያ በኋላ ማንም አይጠይቃቸውም፣ እነሱም አይናገሩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፊደል ሰሌዳ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። አንዱ ዓይን ተሸፍኖ፣ ሌላው ዓይን 6 ሜትር ላይ የቆመ ፊደል ይለያል ወይ? ኑሮ ግን የሚጠይቀው ሌላ ነው። ሁለቱ ዓይኖች ቅርብ ነገር ላይ እኩል መገናኘት አለባቸው። ውስጥ ያለው ሌንስ ለቅርብ መወፈር፣ ለሩቅ መልሶ መቅጠን አለበት። ዓይን ከመስመር መጨረሻ ወደ ቀጣዩ መስመር መጀመሪያ ሳይሳሳት መዝለል አለበት። ጭንቅላት ሲንቀሳቀስ ምስሉ መርጋት አለበት። ይህን ሁሉ የሚያዘው አንጎል ነው። ከ12ቱ የራስ ቅል ነርቮች 3ቱ ሥራቸው በዋናነት ዓይንን ማንቀሳቀስ ነው። አንዱ ደግሞ ምስሉን ወደ አንጎል ያደርሳል። የፍንዳታ ግፊት ወይም ኃይለኛ ንቅናቄ እነዚህን መስመሮች ሊያውክ ይችላል። ሲቲ ስካኑ ንጹህ ሆኖም ሊያውክ ይችላል።

የምለው አንድ ነገር ነው። ጭንቅላቱን የተመታ ወታደር ሁሉ፣ ቢያማርርም ባያማርርም፣ ከሰሌዳው ያለፈ የዓይን ምርመራ ይደረግለት። ይህን የምታነቡ በቤታችሁ እንዲህ ያለ ሰው ካለ ዛሬ ጠይቁት። «ታያለህ ወይ?» አትበሉት። «ስታነብ ምን ትሆናለህ?» በሉት።

—

ቧንቧ ውሃ ሰፈር

አላህ ይስጥህ ወንድሜ። ይሄን ሳነብ ታናሽ ወንድሜን የምታወራ ነው የመሰለኝ። ወደ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ስንሄድ ሐረጎ ላይ ጥምዝምዙ ሲጀምር ያስመልሰዋል። ድሮ በዚያው መንገድ አይሱዙ ላይ ቆሞ ይሄድ የነበረ ልጅ ነው። ሰኞ ገበያም መግባት አቁሟል። ሰው ሲተራመስ መሬቱ አብሮ የሚሄድ ይመስለኛል ይላል። እኛ ጭንቀት ነው ብለን ነው የተቀመጥነው። ይሄም የዓይን ነው?

—

መነጽር ከደሴ

አብሽር። ዓይን ብቻውን አይደለም፣ ግን ዓይን አለበት። ውስጠኛው ጆሮ ጭንቅላት ወዴት እንደዞረ ይናገራል። ዓይን ደግሞ ወዲያው በተቃራኒው ዞሮ ምስሉን ያረጋል። አሁን ይህን ስታነብ ራስህን ወደ ግራና ቀኝ ቀስ እያልክ አዙር። ፊደሉ ባለበት ይቆማል። ሁለቱ ሲግባቡ እንዲህ ነው። ከጭንቅላት ጉዳት በኋላ መግባባቱ ሲዛባ ጥምዝምዝ መንገድ፣ የሚተራመስ ገበያ፣ ፈጥኖ የሚያልፍ ባጃጅ ሁሉ ያዞራል።

ቤት አትዝጉበት። ሙሉ በሙሉ ከሸሸ አንጎሉ የሚለማመድበት ያጣል። ሰኞ ገበያን በግርግሩ ሰዓት ሳይሆን ማለዳ፣ ዳር ዳሩን፣ ለአጭር ጊዜ፣ አብራችሁት ሂዱ። ሲያዞረው ይቁም፣ ራቅ ያለ የማይንቀሳቀስ ነገር ይይ። ጦሳን ማየት ከቻለ ጦሳን ይይ። በመኪና ከፊት ይቀመጥ፣ በመንገድ ላይ ስልክ አይንካ። ከዓይን ምርመራው ጋር የጆሮ ሐኪምም ይየው።

ጭንቀቱንም አልካድኩም። ብዙዎቹ ሁለቱም አለባቸው። ችግሩ «ጭንቀት ነው» ሲባል ሌላው ምርመራ ሁሉ የሚቆም መሆኑ ነው።

—

የፒያሳ ታዛቢ

በቅንነት ልጠይቅ። ይሄ ሁሉ የሀብታም ሀገር ሕክምና አይደለም ወይ? እኛ ጋ እግሩ የተቆረጠ ሰው አርቴፊሻል እግር እየጠበቀ ነው። ፍንጣሪ ሰውነቱ ውስጥ ይዞ የሚዞር አለ። ያን ሳንጨርስ ፊደል ዋኘ ለሚል ሰው መሣሪያና ባለሙያ ከየት ይመጣል? ማሳነሴ አይደለም። ቅደም ተከተሉ ነው ያሳሰበኝ።

—

መነጽር ከደሴ

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ በደንብ ልመልስ።

መጀመሪያ፣ ሀብታሙ ሀገርም ዘግይቶ ነው የነቃው። የአሜሪካ ጦር አፍጋኒስታን የገባው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው፣ ኢራቅ በ2003። ኮንግረሱ የወታደሮችን የዓይን ጉዳትና ከአንጎል ጉዳት ጋር የሚመጣውን የእይታ ችግር የሚከታተል ማዕከል እንዲቋቋም በሕግ ያዘዘው በ2008 ነው። እስከዚያ ድረስ ስንቱ ወጣት «ዓይንህ ደህና ነው» ተብሎ ወደ ቤቱ ሄዷል። ከእ.ኤ.አ. 2000 ወዲህ በአሜሪካ ጦር ውስጥ የጭንቅላት ጉዳት አለባቸው የተባሉት ከ400,000 በላይ ናቸው። ከ10ሩ 8 ያህሉ «ቀላል» በሚባለው መደብ ውስጥ ናቸው። ቀላል የሚባለው ግላስጎው በሚባለው የንቃት መለኪያ ከ15 ነጥብ ከ13 እስከ 15 ያገኘ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ይናገራል፣ ይራመዳል፣ ይቀልዳል። በዚህ ምክንያት የሚዘነጋው እሱ ነው።

ሁለተኛ፣ መሣሪያ ስላልከው። ፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጡት ቮምስ የሚባል የማጣሪያ ምርመራ አለ። ዛሬ የአሜሪካ ጦር የጭንቅላት ጉዳት በሚጠረጥርበት ጊዜ በሚጠቀምበት መመዘኛ ውስጥ ገብቷል። የሚወስደው ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ነው። የሚፈልገው ምን መሰለህ? የሚታይ ትንሽ ፊደል ያለበት እስክሪብቶ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ምት የሚቆጥር የስልክ አፕ። አለቀ። ታካሚው በዓይኑ ጣት ይከተላል። ከአንድ ነጥብ ወደ ሌላ ነጥብ ቶሎ ቶሎ ያያል። እስክሪብቶውን ወደ አፍንጫው ሲያስጠጉለት ሁለት የሚሆንበት ርቀት ይለካል። ከዚያ ጭንቅላቱን እያዞረ አንድ ነጥብ ላይ ያተኩራል። ከእያንዳንዱ በኋላ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ጭጋግ ጭጋግ ማለት ከ0 እስከ 10 ስንት እንደሆነ ይጠየቃል።

ምርመራው በሽታ አይሰይምም። «ይህ ሰው በደንብ መታየት አለበት» ብቻ ነው የሚለው። ሰሌዳ ፊት ለማቆም የሚያስፈልገው ጊዜና ይህ ብዙ አይበላለጥም። እግር የሚጠብቀውን ሰው ወረፋ አይሻማም። እንዲያውም ያ እግሩን ያጣው ወንድማችን በፍንዳታ ከሆነ ጭንቅላቱም አብሮ ተመቶ ሊሆን ይችላል። በአዲስ እግር መራመድ ሲለማመድ ዓይኑ ካሳሳተው ይወድቃል። እሱንም ጠይቁት ነው የምለው።

—

አስር አለቃ ጡረታ

እኔ የመናገር ባህል የለኝም፤ ግን ይህን ክር ሳየው ዝም ማለት ከበደኝ።

ሠራዊት ውስጥ «ያመኛል» ማለት ቀላል አይደለም። የሚታይ ቁስል ከሌለህ ከግዳጅ ለመሸሽ ነው ይሉሃል ብለህ ትፈራለህ። ጎበዝ የምትባል ከሆነ ደግሞ ከጓዶችህ ተለይተህ ወደ ኋላ መላክን ትፈራለህ። እኔ ከፍንዳታው በኋላ ለረጅም ጊዜ ከሩቅ የሚመጣ ሰው ሁለት ይሆንብኝ ነበር። አንዱን ዓይኔን ጨፈን ሳደርግ አንድ ይሆናል። ተኩስ ላይ ደግሞ አንዱን ዓይንህን ጨፍነህ ነው የምታነጣጥረው። ኢላማዬን አልሳትኩም። ኢላማ ካልሳትኩ ዓይኔ ደህና ነው ብዬ ደመደምኩ። አለቃዬም እንደዚያው። ሐኪሙም ሰሌዳ አስነበበኝ፣ አነበብኩ።

በኋላ አዲስ አበባ ያየኝ ባለሙያ ነው ሁለቱን ዓይን አንድ ላይ ከፍቶ የፈተነኝ። ዓይንን ወደ ውጭ የሚስብ ነርቭ ተጎድቷል አለኝ። በጊዜ ብዛት ራሱ እየተሻለው መጣ፣ አልሐምዱሊላህ። እስከዚያ ግን የመነጽሬ አንዱ መስታወት ተሸፍኖልኝ ነበር የምሄደው። ለጓዶቼ የምለው፦ ተኩስ መቻልህ ምስክር አይሆንም።

—

መነጽር ከደሴ

አስር አለቃ፣ እግዜር ይስጥዎት። እኔ በብዙ መስመር የዳከርኩበትን እርስዎ በአንድ ቃል ጨረሱት። ሰሌዳውም፣ ተኩሱም የሚፈትኑት አንድ ዓይን ብቻ ነው። ችግሩ ያለው ሁለቱ ሲገናኙ ነው። ሁለት ሁለት የሚያይ ሰው አንዱን ዓይን ሲሸፍን አንድ ከሆነለት ጥፋቱ በዓይኖቹ መገናኘት ላይ ነው። አንዱን ሸፍኖም ሁለት ከታየው ግን ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ዓይኑ ራሱ ውስጥ ነው፤ ሞራ ወይም የመነጽር ችግር ይሆናል። ይህቺን ማንም ቤቱ ሊሞክራት ይችላል።

ሌላ የማክለው አለ። ጎን ለጎን ሁለት ከሆነና ሩቅ ሲያዩ ከባሰ 6ኛው የራስ ቅል ነርቭ ይጠረጠራል፣ የእርስዎ ዓይነት። ላይና ታች ሁለት ከሆነ፣ ደረጃ ሲወርዱና ሲያነቡ ከባሰ፣ ሰውየው ሳያውቀው አንገቱን ወደ አንድ ትከሻ ካዘነበለ 4ኛው ነው። ይሄኛው ነርቭ ቀጭንና ረጅም ስለሆነ በጭንቅላት ምት በቀላሉ ይጎዳል። «አንገቱን ይዞታል» ተብሎ ለወጌሻ የታየ አይቻለሁ፤ አንገቱ ምንም አልነበረም።

—

ሲስተር ከቃሉ

ሰላም። ኮምቦልቻ ዙሪያ ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ። የዓይን ባለሙያ የለንም። ሜትርና እስክሪብቶ ግን አለን። ለእንደኔ ዓይነቱ ምን ልጠይቅ፣ መቼ ነው ሪፈር የምጽፈው፣ መቼ ነው የማልጠብቀው? በቀላሉ ንገረኝ።

—

መነጽር ከደሴ

ሲስተር፣ እንዲህ ያለው ጥያቄ ነው የሚያስደስተኝ።

ካርድ ሲወጣ «ጭንቅላትህን ተመተህ ታውቃለህ? ፍንዳታ አጠገብህ ነበር? ራስህን ስተሃል? ጭው ብሎብህ ነበር?» በዪ። ራስን አለመሳት ጉዳት የለም ማለት አይደለም፤ ግራ መጋባትና የዚያን ሰዓት መርሳትም ይቆጠራል። አዎ ካለ ወደ ዓይኑ እለፊ። ስታነብ ፊደል ይዋኛል ወይ፣ መስመር ይጠፋብሃል ወይ፣ ሁለት ሁለት ታያለህ ወይ፣ ብርሃን ይወጋሃል ወይ፣ በር ወይም ሰው ትገጫለህ ወይ፣ ብርጭቆ ላይ ስትቀዳ ትስታለህ ወይ። ቡና የሚቀዳ ሰው ከስኒው ውጭ የሚያፈስ ከሆነ ርቀት የመገመት ችግር አለበት። ሚስትየው ወይም እናትየው ካሉ እነሱን ጠይቂ፣ ከእሱ በተሻለ ያውቃሉ።

ከዚያ እስክሪብቶዋን በዓይኖቹ መሃል ከክንድ ርቀት ቀስ እያልሽ ወደ አፍንጫው አስጠጊ። «ሁለት ሲሆን በለኝ» በዪው። አንቺም ዓይኑን እዪ፣ አንዱ ወደ ውጭ ሲያመልጥ ይታይሻል። ከ5 ሴንቲሜትር በላይ ርቀት ላይ ሁለት ከሆነ ጻፊው። ሜትር ከሌለሽ የሦስት ጣት ስፋት ይበቃል። አንዴ ብቻ አትለኪ። መጀመሪያ ደህና ሆኖ ሲደጋገም ርቀቱ እየጨመረ የሚሄድበት አለ፤ ያ ማለት ዓይኑ ይደክማል።

የሁለቱንም ዓይን ብሌን በባትሪ እዪ። ባትሪውን ከአንዱ ወደ ሌላው ስታዛውሪ አንደኛው በመጥበብ ፈንታ ከሰፋ የዓይን ነርቭ ተጎድቷል ብለሽ ጠርጥሪ። ቀይ ክዳን ያሳዪው፤ በአንዱ ዓይን ደማቅ ቀይ፣ በሌላው የደበዘዘ ከሆነ ያው ነው።

የማትጠብቂው ይህ ነው። አንዱ ብሌን በድንገት ከሌላው ሰፍቶ የዓይኑ ቆብ ከወደቀ፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ትውከት ከተጨመረ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ እይታው በድንገት ከጠፋ፣ ወይም ብልጭታ እያየ መጋረጃ የወረደበት ከመሰለው። እነዚህን በዚያው ቀን ላኪ። ሌላውን ሪፈር ጽፈሽ በቀጠሮ። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በዓይን ሕክምና የቆየ ስም አለው፣ ለእናንተ ሩቅ አይደለም።

አንድ ነገር አደራ። ያየሽውን ቁጥሩን ካርዱ ላይ ጻፊ። «ራስ ምታት» ብቻ ብለሽ አትተዪው። ነገ ሕክምና ቦርድ ፊት ሲቀርብ ወረቀቱ ላይ ያለው ነው የሚናገርለት።

—

እናት ዓለም

ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ባለቤቴ በቀኝ በኩል ጭንቅላቱን ተመቶ ነው የተመለሰው። ደሴ ነው ያለነው፣ ሆጤ። በግራ ትከሻው ሁልጊዜ በር ይገጫል። ገበታ ላይ ከግራው በኩል ያለውን ወጥ አይነካም። በዚያ በኩል ልጄ ስታልፍ አያያትም፣ ይረግጣታል። ዓይን ታይቶ ደህና ነው ተብሏል። አሁን በተሰጠችው ብር ባጃጅ ልግዛ እያለ ነው። ዝም ልበል ወይስ ልከልክል? እህቱ ጠበል ውሰጂው ትለኛለች።

—

መነጽር ከደሴ

እህቴ፣ ዶክተር አይደለሁም፣ ግን ጥያቄሽን በቁም ነገር ነው የማየው። ባጃጁ ይቆይ። ምርመራው ተደርጎ ውጤቱ እስኪታወቅ ምንም ተሽከርካሪ አይንዳ። ፒያሳ ቁልቁለት ላይ በግራ በኩል የሚመጣን ልጅ የማያይ ሹፌር እሱንም ሌላውንም ይጎዳል። አንቺን አልሰማ ካለ ይህን መልስ አስነብቢው። ወይም የሚያከብረው ሰው ይንገረው፣ አስር አለቃን የመሰለ።

አሁን ምን ሊሆን እንደሚችል ልንገርሽ። የአንጎል ቀኝ በኩል የሚያየው የግራውን ዓለም ነው፣ ከሁለቱም ዓይን። እዚያ ሲጎዳ በሁለቱም ዓይን የግራው ግማሽ ይጠፋል። ግራ ዓይኑ አልታመመም። ሰሌዳውን የሚያነበው በመሃል እይታው ስለሆነ 6/6 ሊያገኝ ይችላል። ቤት ውስጥ እንዲህ አድርጊ። ፊት ለፊቱ ተቀመጪ። አንድ ዓይኑን ይሸፍንና አፍንጫሽን ይመልከት። ጣትሽን ከጎን እያንቀሳቀስሽ ወደ መሃል አምጪ፣ መቼ እንዳየው ይንገርሽ። በቀኝ ቶሎ አይቶ በግራ መሃል ደርሶ ካልሆነ የማያይ ከሆነ፣ በሌላው ዓይንም እንደዚያው ከሆነ፣ ይህንን ለሐኪሙ በዚህ መልኩ ንገሪው። የእይታ ሜዳ ምርመራ ይታዘዝለት።

የወጡ ነገር ግን ሌላም ያሳስበኛል። የእይታ ሜዳው ብቻ የጠፋበት ሰው ብዙ ጊዜ የጎደለውን ይገነዘባል፣ ራሱን ዞር አድርጎ ይፈልጋል። ገበታው ላይ ግማሹን ትቶ «ጨርሻለሁ» የሚል፣ ሲነገረውም የሚገርመው ከሆነ አንጎሉ ያንን ጎን ጭራሽ ከቁጥር አውጥቶታል ማለት ሊሆን ይችላል። ሁለቱ አብረው የሚመጡበትም አለ። የነርቭ ሐኪም ማየት አለበት።

እስከዚያ ከእሱ በግራ በኩል ሆናችሁ አናግሩት፣ ዞሮ መፈለግን ይለምዳል። ሲያነብ በመስመሩ መጀመሪያ፣ በግራ ጠርዝ፣ ቀይ ክር ወይም ደማቅ ወረቀት አድርጉለት። ቀዩን እስኪያገኝ ወደ ግራ መሄድ አለበት። የሚፈላ ነገር፣ ከሰል፣ በግራው በኩል አታስቀምጪ። ልጅቷንም አስተምሪያት፣ በአባቷ ቀኝ በኩል ትለፍ።

ጠበሉም ዱዓውም ይቀጥል፣ ማንም አይከለክልም። ካርዱም ይውጣ። አንዱ ሌላውን አይተካም። ቅጠል ጨምቆ ዓይን ውስጥ መጨመር ግን በጭራሽ።

—

የቦርከና ልጅ

እኔ ወታደር አይደለሁም። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ስሠራ ዕቃ ወድቆብኝ ነው ጭንቅላቴን የተመታሁት። ሁሉም ምልክት አለብኝ። በተለይ የፋብሪካው መብራት ይወጋኛል። ቤት ውስጥም ጥቁር መነጽር አላወልቅም። ለእኛስ ይሠራል?

—

መነጽር ከደሴ

ይሠራል። አንጎል በመድፍና በወደቀ ዕቃ መካከል ብዙ አይለይም። የመኪና አደጋም ያው ነው። ስለ ወታደሮች የጻፍኩት በዚህ ጊዜ በብዛት የማያቸው እነሱን ስለሆነና ብዙ ጊዜ ዝም ስለሚሉ ነው።

ጥቁሩን መነጽር ግን ቤት ውስጥ ቀስ በቀስ ተወው። ዓይን ጨለማ ከለመደ ብርሃን ይበልጥ ይወጋዋል። ነገሩ ይብስና ከዚያ መውጣት ይከብዳል። ውጭ ፀሐይ ላይ አድርገው፣ ኮፍያም ይረዳል። ቤት ውስጥ አምፖሉን ቀይረው፣ የሚንቀጠቀጠውን ነጭ መብራት አጥፋው፣ የስልክህን ብርሃን ቀንስ። ለፍሎረሰንት መብራት ወደ ሮዝ የሚያደላ ቀለም ያለው ሌንስ የሚረዳቸው ሰዎች አሉ። ከገበያ ዝም ብለህ አትግዛ፣ መጀመሪያ ታይ። የዓይን ድርቀትም፣ ውስጥ ያለ ብግነትም ብርሃን ያስጠላል፣ እነሱ ደግሞ በመድኃኒት የሚሻላቸው ናቸው።

—

ቧንቧ ውሃ ሰፈር

ወንድሜን ትናንት በእስክሪብቶው ለካነው። ከአንድ ስንዝር ትንሽ ቀረት ብሎ ነው ሁለት የሆነው! እኔና አባቴ አፍንጫችን ድረስ ነው። መድኃኒት አለው ወይ? ዩቲዩብ ላይ እስክሪብቶ እያስጠጉ መለማመድ አየሁ።

—

መነጽር ከደሴ

አለው፣ ብዙውም ልምምድ ነው። ዓይኖችን ማገናኘት የሚያሠለጥን ሕክምና አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ይህ ችግር ያለባቸውን ልጆች ለ12 ሳምንት አከመ። በባለሙያ ክትትል የሠለጠኑት 73 በመቶው ተሻላቸው። ቤት ውስጥ እስክሪብቶ ብቻ የተለማመዱት 43 በመቶ። እነዚያ ልጆች ጭንቅላታቸውን የተመቱ አይደሉም፣ ስለዚህ ቁጥሩን ወደ ወንድምህ እንዳለ አታምጣው። የሚያሳየው ግን ልምምዱ ባለሙያ እያየው ሲሆን እንደሚሻል ነው።

ለእሱ ዓይነት ሰው የምሠራው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። መጀመሪያ መነጽር ያስፈልገው እንደሆነ አያለሁ። በ20ዎቹ ያለ ልጅ የማንበቢያ መነጽር ሲታዘዝለት ቤተሰብ ይገረማል፣ ግን የቅርብ ማተኮሩ ከተዳከመ ያሳርፈዋል። ከዚያ ሦስት ቀለም ያላቸው ዶቃዎች ወፈር ባለ ክር ላይ ሰክቼ እሰጠዋለሁ። አንዱን ጫፍ ከበር እጀታ አስሮ ሌላውን ከአፍንጫው ጋር ይይዛል። ከዶቃ ወደ ዶቃ ዓይኑን ያዛውራል። ዶቃው ከገበያ የሚገኝ ነው። አጭር አጭር ጊዜ፣ በየቀኑ። ራሱን ካመመው ያቁም፣ ጀግንነት እዚህ አይሠራም። ለአንዳንዱ ፕሪዝም (ምስሉን የሚያዛውር ሌንስ) ያለው መነጽር ያስፈልገዋል፣ እሱ እዚህ ወዲያው ላይገኝ ይችላል።

ሳይመረመር ግን አትጀምሩ። ነርቩ ሽባ ለሆነበት ሰው ይህ ልምምድ ልፋት ብቻ ነው። ሐሙስ ጠዋት ይዘኸው ና፣ በጠዋት ዓይኑ አይደክምም፣ ከሰዓት ደግሜ አየዋለሁ፣ ልዩነቱን ማወቅ እፈልጋለሁ።

—

የፒያሳ ታዛቢ

አሳምነኸኛል። አሁን የምጠይቀው ሌላ ነው። አጎቴ ከደርግ ዘመን ውጊያ ላይ ዓይኑ አጠገብ በድንጋይ ተመቶ ነበር። ያኔ ድኗል። አሁን በአንዱ ዓይን እየጨለመብኝ ነው ይላል። ከዚያ ጋር ይገናኛል? ስንት ዓመት አልፎታል እኮ።

—

መነጽር ከደሴ

ሊገናኝ ይችላል። ዓይን በኃይል ሲመታ ውስጡ ያለው ፈሳሽ የሚወጣበት ማዕዘን ሊቀደድ ይችላል። ዓይን ውስጥ የፈሰሰው ደም ይጠራል፣ ሰውየው ዳንኩ ይላል። ግፊቱ ግን ከዓመታት በኋላ፣ ከ10 ወይም 20 ዓመት በኋላም፣ ሊጨምር ይችላል። ይህ ግላኮማ ይባላል፤ ግፊቱ አያምም፣ የእይታውን ዳር ዳር እየበላ ነው የሚሄደው። ሞራም ሊሆን ይችላል፣ እሱ በቀዶ ሕክምና ይመለሳል። ግላኮማ የበላው ግን አይመለስም፣ ያለው እንዳይሄድ ብቻ ነው የሚታከመው።

አጎትህን በዚህ ሳምንት አምጣቸው። ካርድ ሲያወጡ «ያኔ ተመትቼ ነበር» ይበሉ፣ የትኛው ዓይን እንደሆነም ይናገሩ። የሁለቱም ዓይን ግፊት ይለካ፣ ማዕዘኑ በልዩ ሌንስ ይታይ። ደህና ነው ቢባሉም በየዓመቱ ይለካ። ለዚህ ክር አንባቢ ሁሉ እንደዚያው፦ ዓይኑ አጠገብ የተመታ ሰው ቤታችሁ ካለ በየዓመቱ ግፊቱ ይለካ።